አምስት ናችሁ

ባለቤቴ እሙዬ በ1960 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንጀቷ ታጥፎ ሞት አፋፍ ደርሳ ነበር። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ በአውሮፕላን ወደ ደጋ ወሰድናት። ሐኪሙ ሳይቀድዳት በጎማ ቱቦ ፈታው። ስትድን እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

"ይህ ይመለሳል" አለኝ። "መቼ እንደሆነ አላውቅም። ሲመለስ በዚያው ቀን አምጣት። በማግስቱ አይደለም። በዚያው ቀን።"

አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ቢደረግላት አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ይሻላል አለ። እሙዬ ግን ደህና ሆናለች፤ ቤቷ ናፍቋታል። ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን ብለን ወረድን። ፋሲካ አለፈ። እሷም ትሥቃለች፣ ትሠራለች። ተውነው።

የምንኖረው ጋምቤላ ነበር። በበጋ ወደ ደጋ የሚወጣ የጭነት መኪና ይገኛል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ታማሚ የሚያወጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ የሚመጣው ትንሽ አውሮፕላን ብቻ ነው። ማረፊያው ሣር ነው። ሣሩ ጭቃ ከሆነ አብራሪው አይመጣም። ጭቃ መሆን አለመሆኑን የሚነግረው የእኛ የመገናኛ ራዲዮ ነው።

እኔ የራዲዮው መካኒክ ነበርሁ። ስለዚህ የእሙዬ ነገር በእጄ ያለ ይመስለኝ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ዛሬ የለም፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ሁለት ጣቢያ ነበረው። አንዱ ደጋ ላይ ነው፤ "ላይ ቤት" እንለዋለን። ሌላው የእኛ ነው፤ "ታች ቤት" ይሉናል። ታች ቤት ከባሮ ዳር ከፍ ብላ የተሠራች ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረች። በአንዱ ክፍል ራዲዮው፣ በሌላው ጄኔሬተሩ። ግቢው ውስጥ ሁለት ምሰሶ ቆሟል፤ በመካከላቸው የመዳብ ሽቦ ተወጥሯል። ድምፃችንን ወደ ደጋ የሚያወጣው ያ ሽቦ ነው። ከሽቦው ሥር አንድ የማንጎ ዛፍ ነበር።

ሦስት ሠራተኞች ነበርን። አለቃችን አቶ ተክሌ፣ እኔ፣ ግቢውን የሚጠብቀው አኬሎ። አኬሎ አኙዋ ነው፤ አማርኛው ሰበርበር ያለ ነው፤ በዕድሜ ከሁለታችንም ይበልጣል። በማይክሮፎኑ መናገር የሚፈቀድለት አቶ ተክሌ ብቻ ነበር።

አቶ ተክሌ ክፉ ሰው አልነበረም። በሰዓቱ ይመጣል። በዚያ ሙቀት ኮቱን አያወልቅም። ከአዲስ አበባ የተላከለት የምስጋና ወረቀት በመስተዋት ተደርጎ ከወንበሩ በላይ ተሰቅሏል። "ለሦስት ዓመት ያለ አንዳች እንከን" ይላል። ያ ወረቀት ከመጣ ወዲህ በጣቢያው ውስጥ አንዳች ነገር እንዲነካ አይወድም።

"የሚሠራ ነገር አይነካም" ይለኛል።

በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ማይክሮፎኑን ያነሣል።

"ላይ ቤት፣ ላይ ቤት፣ እዚህ ታች ቤት። እንዴት ትሰሙናላችሁ?"

"አምስት ናችሁ ታች ቤት። እኛስ?"

"እናንተም አምስት። እንደምን አደራችሁ?"

ነጥቡ ከአንድ እስከ አምስት ነው። አንድ ማለት ሰው መናገሩ ብቻ ይታወቃል፤ ያለው አይለይም። አምስት ማለት ጎንህ ተቀምጦ እንደሚያወራህ ትሰማዋለህ። ከአራት በታች የሰጠ ሠራተኛ ምክንያቱን ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ከአዲስ አበባም ለደከመው ጣቢያ፣ ለምን ደከምህ የሚል ደብዳቤ ይመጣበታል። ስለዚህ ማንም ለማንም ሦስት አይሰጥም። የሰው እንጀራ መንካት ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከአምስት ሌላ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ሰላምታ ሆኖ ነበር። ሰው እንደምን አደርህ ሲሉት ቢታመምም እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እንደዚያ ነው።

ሌላም የቀረ ነገር ነበር። በደንቡ መልእክት የተቀበለ ሠራተኛ የጻፈውን ቃል በቃል መልሶ ያነባል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ቤንዚንም ይበላል። አቶ ተክሌና የላይ ቤቱ ሠራተኛ ሙሄ ተስማምተው ትተውታል። "ደርሷል" ይባላል፤ ያልቃል።

መሣሪያው ላይ ወደ ሽቦው የሚሄደውን ኃይል የሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ አለ። ጣቢያው ሲከፈት መርፌው ሁለት ላይ ይቆም ነበር፤ ቦታው በመስተዋቱ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ከዓመት ዓመት ትንሽ ትንሽ ዝቅ አለ። በየቀኑ ለሚያየው ሰው አይታወቅም። በ1959 ከአንድ ተኩል በታች ወረደ። ለአቶ ተክሌ አሳየሁት።

"ላይ ቤት ዛሬ ምን አለን?" አለኝ።

"አምስት።"

"እንግዲያ የተበላሸው መርፌው ነው።"

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። አቶ ተክሌ ቀዩን ምልክት ፍቄ ዝቅ አድርጌ እንድቀባው አዘዘኝ። ፋቅሁ። ቀባሁ። በገዛ እጄ ነው። ተቆጣጣሪው መጣ፤ መርፌው ምልክቱ ላይ መሆኑን አይቶ ፈረመ። ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ማንጎ በላ። ሄደ።

በ1961 ጥር የጄኔሬተር ዕቃ ላመጣ በነጋዴው በሳኒ የጭነት መኪና ወደ ደጋ ወጣሁ። ሳኒ ነገረኛ ነው።

"ራዲዮ ያለው ሰው በመኪና ይንገላታል እንዴ?" ይለኛል በየጉድጓዱ ስንነጥር። "ዕቃውን በሽቦ አይልኩልህም?"

"አንተ መንዳትህን ንዳ።"

"እኔስ እነዳለሁ። የመንግሥት ሰው አጠገቤ ተቀምጦ መኪናዬ እንዲህ ስትንቀጠቀጥ አፈርሁ እንጂ።"

ላይ ቤት የደረስሁት በማግስቱ ለሁለት ሰዓት ጥቂት ሲቀር ነው። ሙሄን በድምፅ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ፤ በአካል ያን ቀን አየሁት። ድምፁ ወፍራም ነው። ሰውየው ግን ቀጭን፣ ሁለት ጋቢ የደረበ ሆኖ አገኘሁት።

"ዘገየ! ግዙፍ ሰው ነህ ብዬ ነበር" አለኝ አቅፎ እየሳመኝ። "ሙቀቱ አቅልጦህ ነው?"

"አንተንስ ብርዱ ነው ያኮማተረህ?"

የጆሮ ማዳመጫው ሁለት ነበር። አንዱን ሰጠኝ። "ና፣ የአለቃህን ድምፅ ከሩቅ ስማው፤ ከቅርብ ሳያስጠላህ አልቀረም" አለ።

ሰዓቱ ደረሰ። በጆሮዬ ውስጥ የሚንፈቀፈቅ ውሃ የመሰለ ጫጫታ ነበር። ከጫጫታው ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ትንኝ ትመስላለች። አንድ ቃል አልለየሁም። አቶ ተክሌ መሆኑን ያወቅሁት በአነጋገሩ አቋቋም ብቻ ነው፤ የት ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁና።

ሙሄ ማይክሮፎኑን አነሣ።

"አምስት ናችሁ ታች ቤት። እኛስ?"

ትንኟ ጮኸች። ሙሄ በመዝገቡ ላይ ይጽፍ ጀመር። በትከሻው በኩል አነበብሁት። ማረፊያ ደረቅ። ወንዝ ዝቅተኛ። ታማሚ የለም። ነጥብ አምስት። "ደርሷል" አለና ዘጋ።

ማዳመጫውን አወለቅሁ።

"ሰማኸው?" አልሁት።

"ማንን?"

"አቶ ተክሌን። ማረፊያው ደረቅ ነው ሲል ሰማኸው?"

ሙሄ ሣቀ። "ዘገየ፣ ጥር ነው እኮ። በጥር ጭቃ ከየት ይመጣል?"

"አልሰማኸውም ማለት ነው።"

"በበጋ ደረቅ ትላላችሁ፤ በክረምት ጭቃ ትላላችሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ብላችሁ ታውቃላችሁ?"

"ሌላ ነገር ያልን ቀንስ?"

"ያን ቀን ጮክ በሉ።"

ከዚያ ፊቴን አየና ሣቁን ተወ። "ባለቤትህን ያመጣናት ጊዜ ደህና እንሰማችሁ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ከዚያ ወዲህ ነው የደከማችሁ። ሁለት ብዬ ብጽፍ አለቃህን ከነልጆቹ የት እንደሚወረውሩት ታውቃለህ። እሱም ነገ እኔን ሁለት ሊለኝ ይችላል። አይለኝም። ወንድሜ፣ ሰው እንዲህ ተቻችሎ ነው የሚኖር።"

"እኛ እናንተን ጥርት አድርገን እንሰማችኋለን" አልሁት። "ስለዚህ እናንተም የምትሰሙን ይመስለናል።"

"የእኛ መሣሪያ ትልቅ ነዋ" አለ። ቁርስ ጋበዘኝ። በላሁ።

ባለፈው ክረምት አውሮፕላኑ አራት ጊዜ ብቻ የመጣው ለምን እንደሆነ በመንገድ ላይ ገባኝ። እኛ ዝናቡን ስንረግም ነበር።

ስመለስ ለአቶ ተክሌ ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"አይሰማም ያለህ ሙሄ ነው?"

"እኔ ነኝ የሰማሁት። አንድ ቃል አይለይም።"

"አንተ መካኒክ ነህ። ጆሮህ አልለመደም። እሱ የለመደ ነው።"

"እሱም አይሰማም። ይገምታል።"

አቶ ተክሌ የኮቱን ቁልፍ ይነካካ ነበር።

"ሽቦ ለማስቀየር ለአዲስ አበባ መጻፍ አለብኝ" አለ። "ምን ብዬ ልጻፍ? ስድስት ዓመት አምስት ስንባል የኖርነው ውሸት ነው ብዬ?"

"እንደዚያው ብለው ይጻፉ።"

"አንተ ሰው፣ ያገባኸው እሙዬን ነው ወይስ ሽቦውን?"

"ስለ እሙዬ ነው የምለው፣ አቶ ተክሌ። ክረምት ላይ ቢነሣባት በምን እጠራለሁ?"

ይህን ስል ከፊቱ ላይ አንድ ነገር ላላ። ሽቦውን ለመቀየር እንደማይጽፍ፣ ግን በእጃችን ያለውን እንዳስተካክል ፈቀደልኝ። ዛፉን ልቁረጠው አልሁ። ቅርንጫፉ ሽቦውን ነክቷል፤ ቅጠሉ ሲረጥብ ኃይሉን ወደ መሬት ያወርደዋል። ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ግን ከአውራጃው የሚመጡ ሹማምንት ይቀመጣሉ።

"አንድ ቅርንጫፍ" አለኝ። "አንድ ብቻ።"

እኔና አኬሎ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥን። ሽቦው ከመሣሪያው ከሚመጣው ሽቦ ጋር የሚገናኝበት ቋጠሮ አረንጓዴ ሆኖ በስብሷል። ፍቄ አጸዳሁት፤ እንደገና አሰርሁት። መርፌው ከአንድ ወደ አንድ ተኩል ወጣ። ደስ አለኝ። ሌላ ቋጠሮ በሩቁ ምሰሶ ጫፍ ላይ አለ። እሱን ለማጽዳት ምሰሶውን ማውረድ፣ ጣቢያውንም አንድ ቀን መዝጋት ያስፈልጋል። መጋቢት ላይ አደርገዋለሁ አልሁ። መጋቢት ሲደርስ ከፋሲካ በኋላ አልሁ። ግማሹን ሠርቼ ተቀመጥሁ። መርፌው ወጥቷል፤ ነጥቡ አምስት ነው፤ እሙዬ ደህና ናት። ሰው ከዚህ መካከል ምን ያስነሣዋል?

ሰኔ ላይ አኬሎ ጠራኝ። ከዛፉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል።

"ዘገየ፣ ይህ ዛፍ ዝናብ ሲጠጣ ሩጫ ነው" አለኝ። "አንተ ጥር ቆረጠ። እሱ ሰኔ ተመለሰ።"

"አየዋለሁ፣ አኬሎ።"

"ማየት በዓይን ነው። መቁረጥ በገጀራ ነው።"

"በሚቀጥለው ሳምንት እንቆርጠዋለን" አልሁት።

አኬሎ ገጀራውን ይዞ ሣር ሊያጭድ ሄደ።

ሐምሌ 11 ቀን ዓርብ ነው። ንጋት ላይ እሙዬ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። "መጣ" አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም። ፀሐይ ስትወጣ ሆዷ ተወጥሮ ነበር።

የክሊኒኩን ጤና ረዳት፣ ድሬሰር ዶርቃን ጠራሁ። ዶርቃ በሚሲዮን የተማረች፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ሆዷን በሁለት ጣት መታ መታ አድርጋ አዳመጠች። ወደ ውጭ ወሰደችኝ።

"አቶ ዘገየ፣ እኔ ያለኝ ቱቦ አጭር ነው። አይደርስም። ዛሬ መሄድ አለባት።"

"ነገስ?"

"ነገ አንጀቱ ይሞታል።"

ቀኑ ዓርብ ነበር። ሦስት ቀን ዝናብ አልጣለም። በዚያ ወር እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም አይሆንም። ከአኬሎ ጋር ወደ ማረፊያው ሮጥን። ጫማችንን አውልቀን ከዳር እስከ ዳር በተረከዛችን እየረገጥን ሄድን። ተረከዝ አይሰጥምም። ደረቅ ነው። እግዜር ረዳን አልሁ።

ሁለት ሰዓት ላይ ጣቢያው ውስጥ ነበርሁ። አቶ ተክሌ ማይክሮፎኑን ሲያነሣ ሰላምታውን ተወው። ይህን ልጽፍለት ይገባል።

"ላይ ቤት፣ እዚህ ታች ቤት። አስቸኳይ። ማረፊያ ደረቅ ነው። ደረቅ ነው። አንዲት ታማሚ አለች፤ ዛሬውኑ ትወሰድ። ማረፊያ ደረቅ።"

ሁለት ጊዜ ደገመው። ጮኸ። መርፌውን አየሁ፤ አንድ አልሞላም። በመስኮቱ በኩል ጤዛ የጠጣ የማንጎ ቅጠል ሽቦው ላይ ተኝቷል።

"ደርሷል ታች ቤት" አለ ሙሄ። "አምስት ናችሁ።"

ድምፁ ጥርት ብሎ ነው የመጣው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል። አምስት ሲል እግዜር ይመስገን አልሁ። ያ አምስት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። "መልሶ ያንብበው" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። አላልሁም። ማመን ፈልጌ ነበር። ወደ ቤት ሮጥሁ።

እሙዬን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ማረፊያው ሄድን። ሳኒ ሁለት ጠንካራ ሰዎችና አንድ ትልቅ ጃንጥላ ላከልኝ። ዶርቃ ከጎኗ ትሄዳለች። ከሣሩ ዳር አንዲት ትንሽ ጥላ ፈልገን አስቀመጥናት። አኬሎ ከብቶቹን ከማረፊያው አባረረ፤ አብራሪው ነፋሱን እንዲያይ እርጥብ ሣር አነደደ።

"ሁለት ጊዜ በአውሮፕላን የሄደች ሴት ልባል ነው" አለች እሙዬ። ከንፈሯ ደርቋል። "ጎረቤት አሁን አያስቀምጠኝም።"

"አትናገሪ።"

"ዝም ስል ነው የሚያመኝ።" እጄን ያዘች። "ሰሙ?"

"ሰሙ።"

"ማን አለ?"

"ሙሄ። አምስት ናችሁ አለ።"

"አምስት ጥሩ ነው?"

"ከአምስት በላይ የለም።"

ዓይኗን ጨፈነች። እጄን አልለቀቀችም።

አውሮፕላኑ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አራት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሆነ። አምስት ሆነ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሁላችንም ወደ ምሥራቅ እናያለን። ከወንዙ ማዶ ጀልባ የሚገፋ ሰው ሲዘፍን ይሰማል። ስድስት ሰዓት ላይ ዶርቃ ሰዓቷን ማየት ተወች። አኬሎ እሳቱ እንዳይጠፋ ሣር ይጨምራል፤ ይጨምራል። ሰባት ላይ ከምዕራብ ደመና ተነሣ። እሙዬ ማቃሰት ጀመረች፤ ከዚያ ማቃሰቱንም ተወች።

"ሌላ ቦታ ሄዶ ይሆናል፤ ከዚያ ይመጣል" አልሁ።

ዶርቃ ጃንጥላውን ወደ እሙዬ ፊት አዞረችው።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ አቶ ተክሌ ሲመጣ አየሁት። ኮቱን ሳይለብስ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ገና ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ ነበር።

"ጭቃ ነው ብላችሁ አይደለም ወይ ይለኛል!" አለ። ትንፋሹ ተቆርጧል። "ለምን አልመጣም ብዬ ብጠይቀው፣ ጭቃ ነው ብላችሁ አይደለም ወይ ይለኛል!"

"መዝገቡን አነበበልዎ?"

"አስነበብሁት። ማረፊያ ጭቃ። ወንዝ ሙሉ። ታማሚ የለም።"

ሙሄ በዚያ ወር በየቀኑ የሚጽፈውን ነበር የጻፈው።

"አሁንስ ገባው?"

"አሁን ገብቶታል። ሰባት ጊዜ ጮኼ አስደግሜዋለሁ። አውሮፕላኑ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ማረፊያው ደረቅ ከሆነ ነገ ማለዳ ይመጣል።" ቃሬዛውን አየ፤ ፊቱን መለሰ። "ዘገየ፣ ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ሰምተኸኛል።"

"ሰምቻለሁ።"

"አምስት ብሎናል።"

"ብሎናል።"

እሙዬን ወደ ቤት ስንመልሳት ዝናቡ ያዘን። ሦስት ቀን የተቋጠረው ሁሉ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት ማረፊያው ላይ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጠመ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ እሙዬ ሞተች። ዶርቃ ዓይኗን ከደነችልኝ።

ጳጉሜን ላይ ከአዲስ አበባ መርማሪ መጣ። የሁለቱን ጣቢያዎች መዝገብ ጎን ለጎን ዘረጋ። በሁለቱም ላይ ነጥቡ አምስት ነው። ስለዚህ የመሣሪያ ጉድለት የለም ብሎ ጻፈ። ቀዩን ምልክት እኔ ፍቄ ዝቅ እንዳደረግሁት ነገርሁት። ሽቦው እንደበሰበሰ ነገርሁት። ጥር ላይ የሰማሁትን ነገርሁት። እስክሪብቶውን አላነሣም።

"ሐዘንተኛ ነህ" አለኝ በደግ ድምፅ። "ሐዘን ላይ ያለ ሰው በራሱ ላይ ይመሰክራል። ደርሶብኝ አውቀዋለሁ።"

ምክንያቱን የአየር ጠባይ ብሎ ዘጋው።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት አቶ ተክሌ እንደ ልማዱ ጠራ። እንዴት ትሰሙናላችሁ አለ።

"ሁለት ናችሁ ታች ቤት" አለ ሙሄ።

አቶ ተክሌ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ቀረ። "ምን አልህ?"

"ሁለት። ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ መልሼ አነባለሁ።"

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሰጠን፤ አንዳንድ ቀን አንድ። በየቀኑም መልሶ አነበበ። ያልገባውን አልገባኝም አለ። በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀኖች ውስጥ ታች ቤት ምን እንደሆነች ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ደብዳቤው ሽቦ አልላከም። ለምን ደከማችሁ ይላል። አቶ ተክሌ ሦስት ቀን አሰበበት። ልጆች አሉት። መሣሪያው እንደ ወትሮው መሆኑን፣ ምናልባት የላይ ቤቱ ሠራተኛ ጆሮ ደክሞ እንደሆነ ጽፎ መለሰ።

ሙሄን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። በመጨረሻው ጠዋት እኔን ጠየቀ። አቶ ተክሌ አንገቱን ደፍቶ ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከዚያ በፊት ይዤው አላውቅም።

"ዘገየ?"

"አለሁ።"

"እንዴት ትሰማኛለህ?"

"አምስት።"

"እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"እኔ ሁለት ነው የምሰማህ" አለ። "እግዜር ያጥናህ ያልሁህ ደርሶህ ነበር?"

"ደርሷል" አልሁት።

ጥቅምት ላይ አኬሎንና ገጀራውን ይዤ ዛፉን እስከ ግንዱ ቆረጥሁት። ፈቃድ አልጠየቅሁም። አቶ ተክሌ በመስኮት አየን፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ጥላ ሳበ። ምሰሶውን አወረድነው። ሁለተኛውን ቋጠሮ ከፍቼ ፋቅሁ፤ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ነበር። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለዩትን የሸክላ ማንጠልጠያዎች አንድ በአንድ አጠብሁ። ከአንዱ ውስጥ የተርብ ቤት አወጣሁ። ሥራው አንድ ቀን አልፈጀም። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መርፌው ሁለት ላይ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ከጀርባው ቆሜ ጠበቅሁ። በላይ ቤት በሙሄ ቦታ አዲስ ሠራተኛ ከገባ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል። ትሑት ድምፅ ያለው ሰው ነው።

"አምስት ናችሁ ታች ቤት። እኛስ?"

ዛፉ ሳይቆረጥም አምስት ብሎን ነበር። ቋጠሮው ዱቄት ሳለም አምስት ብሎን ነበር። በእርግጥ ይሰማን እንደሆነ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። መልሶ ያንብብ አልሁ። አቶ ተክሌ አዲስ ሰው በመጀመሪያ ወሩ አይፈተንም አለኝ።

ኅዳር ላይ መንገዱ ተከፈተ። ሳኒ ወደ ደጋ ሊወጣ ሲል የአራት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ።

"ምን ልታደርግ?" አለ አቶ ተክሌ።

"ላይ ቤት ሄጄ ልሰማን።"

"ምን ልትሰማ? አምስት ነን እኮ።"

"ባለፈው ዓመትም አምስት ነበርን።"

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ሊቆጣ የፈለገ ይመስለኛል፤ አልቻለም።

"ዘገየ፣ ሄደህ ሁለት ነን ብትለኝ ምን አደርገዋለሁ?" አለ።

ፈቃዱን አልሰጠኝም። የሳኒ መኪና ያለ እኔ ወጣች።

በዚያው ሰሞን ዶርቃ ወደ ጣቢያው መጣች። አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆመች። ክሊኒኩ ውስጥ ለክረምቱ የምትሰጋላቸው ሰዎች ነበሩ። አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ ልቡን የሚያመው ሽማግሌ፣ ሌሎችም።

"አቶ ዘገየ፣ ምን ልበላቸው?" አለችኝ። "ራዲዮው ዘንድሮ ይሰማል ልበል?"

"አላውቅም በያቸው።"

"ሽቦውን አድሰሃል አሉ።"

"አድሻለሁ።"

"ታዲያ?"

"አላውቅም። ሰኔ ሳይገባ በመኪና ይውጡ በያቸው።"

ነገረቻቸው። ሁለት ሰዎች ወጡ። የቀሩት አሁንስ ደህና ነን ብለው ተቀመጡ።